የጥድፊያ ዋጋ

ዕረፍቱን በባሕር ላይ ለማሳለፍ ጀልባ የሚከራይ ሰው ከመነሻው የሚያውቃቸው ወጪዎች አሉ። የጀልባው ኪራይ በውሉ ላይ ሰፍሯል፤ የመያዣው ገንዘብ ተነግሮታል፤ የስንቁንም ዋጋ ከገበያ ሲወጣ ይደምረዋል። ጉዞው እስኪያልቅ ድረስ መጠኑ የማይታወቅ አንድ ወጪ ግን አለ፤ እርሱም የነዳጅ ሂሳብ ነው። የአንዱን ሊትር ዋጋ ገበያው ቢወስነውም የሊትሩን ብዛት የሚወስነው የተከራዩ የራሱ ጠባይ ነው። ስለዚህም በሳምንቱ መጨረሻ ከነዳጅ ማደያው የሚሰጠው ቁራጭ ወረቀት ስለ ሰውየው የሚናገረው ነገር አለው።

ለመሆኑ ካታማራን የሚባለው ጀልባ ምን ዓይነት ነው? ስያሜው የመጣው ከደቡብ ሕንድ፣ ከታሚል ቋንቋ ሲሆን «ካቱማራም» ማለት «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። የጣና ዳር ሰው ደንገልን አስሮ ታንኳ እንደሚሠራ ሁሉ፣ የታሚል ዓሣ አጥማጅም ግንዶችን ጎን ለጎን አስሮ ወደ ባሕር ይወጣ ነበር። ዛሬ ቃሉ የሚያመለክተው ሁለት ጠባብ አካላት ጎን ለጎን ቆመው በላያቸው ሰፊ ወለል የተዘረጋበትን ጀልባ ነው፤ በዚህ አሠራር ከጥንት ጀምሮ የተካኑት የፖሊኔዥያ ደሴቶች ሕዝቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1876 ናትናኤል ሄሬሾፍ የተባለው አሜሪካዊ የጀልባ ነዳፊ «አማሪሊስ» የምትባል ባለ ሁለት አካል የሸራ ጀልባ ሠርቶ በኒው ዮርክ ውድድር ላይ ባለ አንድ አካሎቹን ጥላቸው ብትሄድ፣ ተሸናፊዎቹ አቤቱታ አቅርበው ከሽልማት ውጭ እንድትሆን አደረጓት። ባለሞተሩ ካታማራን የነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው። የሸራው ምሰሶ ተወግዶለት በእያንዳንዱ አካሉ ውስጥ አንድ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ተተክሎለታል።

ይህ ዓይነቱ ጀልባ በብዛት ከሚከራይባቸው ሥፍራዎች አንዱ በካሪቢያን ባሕር የሚገኙት የእንግሊዝ ቨርጂን ደሴቶች ናቸው። ደሴቶቹ በእንግሊዝ ሥር ቢሆኑም መገበያያቸው የአሜሪካ ዶላር ነው። ትልቋ ደሴት ቶርቶላ፣ ዋና ከተማዋም ሮድ ታውን ትባላለች። ከቶርቶላ በስተደቡብ በፍራንሲስ ድሬክ ስም የሚጠራው የባሕር መተላለፊያ ተዘርግቷል። በሁለቱም ወገን ደሴቶች ስለሚከልሉት ውቅያኖሱ ሲናወጥ እንኳ እርሱ ረጋ ይላል፤ ከምሥራቅ የሚመጣው ነፋስም እምብዛም አይለየውም። ለሸራ ጀልባ እጅግ የተመቸ ሥፍራ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በስድስት የሸራ ጀልባዎች የተጀመረው የኪራይ ሥራ አድጎ ከደሴቶቹ ዋና መተዳደሪያዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017 «ኢርማ» የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ብዙዎቹን ጀልባዎች እርስ በርሳቸው ከምሮ ቢሰባብራቸውም ሥራው ከዚያ ወዲህ አንሰራርቷል።

ሸራ ግን ዕውቀትን ይጠይቃል፤ ትዕግሥትንም ይጠይቃል። ነፋስ ዋጋ አይከፈልበትም፤ በዚያው ልክ አይታዘዝም። የሰባት ቀን ዕረፍት ብቻ ያለው ሰው ነፋሱ እስኪመቸው ሊጠብቅ አይሻም። ባለሞተሩ ካታማራን ገበያ ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ነፋስን ከመለማመጥ በነዳጅ ዋጋ ነፃ ያወጣል።

ከኢርማ በኋላ ባሉት ዓመታት በአንዱ፣ በየካቲት ወር፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ሦስት ኢትዮጵያውያን እህትማማቾችና ወንድም ከአባታቸው ጋር ከእነዚህ ጀልባዎች አንዱን ለሰባት ቀን ተከራዩ። ታላቂቱ የሆስፒታል ሠራተኛ ናት፤ መካከለኛው ረጅም መንገድ የሚጓዝ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ታናሺቱ መምህርት ናት። ባለጸጎች አልነበሩም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ እያዋጡ ያጠራቀሙት ገንዘብ ለኪራዩ፣ ለስንቁና ለአንድ የአገሩ ተወላጅ ካፒቴን ደመወዝ በልኩ ተቆርጦ ነበር። ለነዳጅ የመደቡት በግምት ነበር፤ የሚተርፍ ገንዘብም አልነበራቸውም።

ጉዞው የታሰበው ለአባታቸው ነበር። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባል ሆነው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ የሞተር ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። መርከቧ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች፣ ሁለት ፕሮፔለሮቿ በናፍጣ ሞተሮች የሚሽከረከሩ ስትሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ የተዛወረችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። አባት በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከምጽዋ ከወጡ ወዲህ በመርከብም ሆነ በጀልባ ተሳፍረው አያውቁም ነበር። ስለዚያ ዘመንም ለልጆቻቸው አንድ ቀን አውግተዋቸው አያውቁም። ልጆቹ አባታቸው መርከበኛ እንደ ነበሩ የሚያውቁት በሳሎን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ነጭ የደንብ ልብስ ከለበሰ ጎልማሳ ፎቶግራፍ ነው። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን እያገባደደ በመሆኑ ሦስቱም ልጆች አንድ ነገር ፈርተዋል፤ የማያውቁት ታሪክ ከእነርሱ ጋር እንዳይቀበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሩጫ አለፉ። ጀልባው 14 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ሁለቱ ሞተሮች እስከ ጥግ ሳይገፉ በ17 ኖት ያስኬዱታል፤ አንድ ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው። ከሮድ ታውን ወደ ኖርማን ደሴት፣ ከኖርማን ወደ ዮስት ቫን ዳይክ፣ በማግሥቱም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ነፋሱን እየተጋፉ እስከ ቨርጂን ጎርዳ ሰሜናዊ ወሽመጥ ድረስ ተጓዙ። በሁለት ቀን ውስጥ የተጓዙት 51 ማይል፣ ጊዜውም 3 ሰዓት ብቻ ነበር። ነገር ግን ሞተሮቹ በሙሉ ድምፃቸው ሲጮኹ በወለሉ ላይ መነጋገር አይቻልም፤ ማዕበሉን እየመታ የሚዘልለው ጀልባም ቡና አያስቀዳም። ወደቡ ላይ በረፋድ ይደርሱና ከሙቀቱ ሸሽተው መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ይቀመጣሉ፤ ለአየር ማቀዝቀዣው ሲባል ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ያድራል። አባት በነዚህ ሁለት ቀናት ከአሥር ቃል የበለጠ አልተናገሩም።

በሁለተኛው ቀን ማታ ታላቂቱ የነዳጁን መጠን ጠቋሚ አይታ ደነገጠች። ለሳምንቱ ከመደቡት ውስጥ አብዛኛው ተቃጥሏል። በወንድምና በእህት መካከል ቃል መወራወር ተጀመረ። ወንድምዬው ጠባዩ አስቸኳይ የሆነው በከንቱ አልነበረም። በአሜሪካ የረጅም መንገድ ጭነት ነጂ በአብዛኛው የሚከፈለው በተጓዘው ማይል ልክ ነው፤ መኪናው ሲቆም ገቢውም ይቆማል። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሥርዓት የኖረ ሰው ለሰባት ቀን ያህል ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

«እኔ ዓመት ሠርቼ ያገኘሁት ሰባት ቀን ነው» አለ፤ «ነዳጅ ውድ ነው፤ የእኔ ጊዜ ግን ከነዳጅ ይበልጣል። ሁሉንም ደሴት ሳናይ እንመለስ ወይ?»

ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። ጊዜ ለሠራተኛ ሰው ከሁሉ የተወደደ ሀብት ነው፤ በውድ የተገኘን ነገር በፍጥነት ለመጠቀም መሻትም ተፈጥሯዊ ነው። አባት እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ መለሱለት።

«ልጄ፣ ጊዜህ ውድ መሆኑን አላጣሁትም። ዛሬ በጥድፊያ ያተረፍከውን ጊዜ ግን የት አደረስከው? በረፋዱ ደርሰን እስከ ማታ መስኮት ዘግተን ነው የዋልን።»

ከዚያም የወረቀት ደብተር አስመጥተው መስመር አሰመሩበት። በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ተረኛው በየሰዓቱ የሞተሩን ዙር፣ የዘይቱን ግፊት፣ የውሃውን ሙቀትና የነዳጁን መጠን በመዝገብ ያሰፍራል፤ በመጨረሻውም ዓምድ «አስተያየት» የሚጽፍበት ቦታ አለው። አባት ከሠላሳ ዓመታት በላይ ያልነኩትን ሥራ እጃቸው አልረሳውም ነበር። ካፒቴኑን ፍጥነቱን እየለዋወጠ እንዲሞክር በማግሥቱ ጠዋት ጠየቁትና ከመሣሪያው ላይ ያነበቡትን አሰፈሩ። በ17 ኖት ሁለቱ ሞተሮች በአንድነት በሰዓት 85 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጠጣሉ፤ ይኸውም ለአንድ ማይል 5 ሊትር ነው። በ7 ኖት ግን በሰዓት የሚፈጁት 11 ሊትር ያህል ሲሆን ለአንድ ማይል ከአንድ ሊትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ያው ጀልባ፣ ያው ባሕር፣ ያው መንገድ ሆኖ ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ተለያየ።

ምክንያቱ ከውሃው ጠባይ የሚመነጭ ነው። ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሲሄድ መንገዱን አያነሣውም፤ ጀልባ ግን በሚያልፍበት ሁሉ ውሃውን እየገፋ ማዕበል ይፈጥራል፤ ለዚያ ማዕበል የሚወጣውም ጉልበት ከነዳጁ የሚከፈል ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1872 በቶርኪ ከተማ ረጅም የውሃ ገንዳ አሠርቶ፣ ከሰም የተቀረጹ ትናንሽ የመርከብ አምሳያዎችን እየጎተተ ይህንን ተቃውሞ ለመለካት ችሏል። ከእርሱ ወዲህ መርከብ ነዳፊዎች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ደንብ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ጉልበት ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል ይላል። የካታማራን ጠባብ አካላት የሚያነሡት ማዕበል አነስተኛ ስለሆነ ሸክሙ ይቀልላቸዋል፤ ከሸክሙ ግን ፈጽመው አያመልጡም። አባት ይህን ሁሉ ለልጆቻቸው ያስረዱት ወደ ኋላ እያመለከቱ ነበር። ጀልባው ሲሮጥ ከኋላው የሚተወው ሰፊ የአረፋ ጎዳና ለዓይን ያማረ ነው፤ በገንዘብ የተገዛው ነዳጅ የሚፈሰውም በእርሱ ላይ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የአገራቸውን ተረት ጨመሩበት። ልጃቸው ሳቀ፤ ለጊዜው ግን አልተረታም።

ጉዞው ወደ አነጋዳ ነበር። ይህች ደሴት ከሌሎቹ ተራራማ ደሴቶች የተለየች ናት። ከኮራልና ከኖራ ድንጋይ የተሠራች በመሆኗ ከፍተኛው ሥፍራዋ ከባሕር በላይ 8 ሜትር ቢሆን ነው፤ ከሩቅም አትታይም። ከእርሷ የሚዘረጋው የፈረስ ኮቴ የሚባለው የኮራል አለት ባለፉት ዘመናት እጅግ ብዙ መርከቦችን ሰብሯል። ስለዚህ ወደ እርሷ የሚሄድ ጀልባ ፀሐይ ከፍ ስትል፣ የውሃው ቀለም ሲለይ፣ ቀስ ብሎ ሊገባ ይገባዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሥተው በ7 ኖት ሄዱ። መንገዱ 14 ማይል፣ ጊዜውም 2 ሰዓት ነበር።

በዚህ ፍጥነት የሞተሩ ድምፅ ወደ ጉርምርምታ ወረደ። ታናሺቱ ቡና አፈላች፤ ስኒውም በሥፍራው ረግቶ ተቀመጠ። አባት ወደ ኋለኛው ወለል ወርደው አንድ የእንጨት ዘንግ አንሥተው ጫፉን በሞተሩ ክዳን ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጆሯቸው ላይ አደረጉ። በቀይ ባሕር ሙቀት፣ በዚያ የሞተር ክፍል ውስጥ፣ መሣሪያ ከመናገሩ በፊት ሕመምተኛውን ሞተር በጆሮ የመለየት ሙያ እንደ ነበራቸው ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይጠይቃቸው ቀጠሉ። አዲስ ምልምል መርከበኛ በመጀመሪያው ማዕበል እንዴት እንደሚያደርገው፣ ምጽዋ በሐምሌ ሌሊት እንዴት እንደምታፍን፣ ከተረኝነት ወጥተው በወለሉ ላይ የሚተኙ ልጆች ስለ ምን እንደሚያወሩ ተናገሩ። በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በዚያ የካቲት ምጽዋ ላይ የቀሩትን የሞተር ክፍል ጓደኞቻቸውን ስም አንድ በአንድ ጠሩ። ሰባት ነበሩ። ካፒቴኑ ቋንቋውን ባይሰማም መሪውን እንደ ያዘ ባርኔጣውን አወለቀ። ወንድምዬው ሰዓቱን አላየም።

በ17 ኖት ቢሆን ኖሮ መንገዱ ከ50 ደቂቃ ባልበለጠም ነበር። ነገር ግን በዚያ ጩኸት ውስጥ ሰባት ስም አይሰማም።

በተመለሱ ጊዜ በሶልት ደሴት አጠገብ ቆሙ። በዚያ ሥፍራ «ሮን» የምትባለው የእንግሊዝ የፖስታ መርከብ ስባሪ በውሃ ውስጥ ተጋድሞ ይታያል። ሮን በእንፋሎት የምትሄድ፣ ሸራም የነበራት፣ ለጊዜዋ ዘመናዊት መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1867 በዴንማርክ ሥር በነበረችው በቅዱስ ቶማስ ደሴት ቢጫ ወባ ስለ ገባ፣ የድንጋይ ከሰሏን በዚያ መሙላት ትታ ወደ ፒተር ደሴት መጣች። ጥቅምት 29 ቀን ከባድ አውሎ ነፋስ ደረሰባት። ወደ ሰፊው ባሕር ለማምለጥ ሞተሯን በሙሉ ኃይል ብታስነሣም ነፋሱ አቅጣጫውን ለውጦ ከአለቱ ጋር አላተማት፤ ቀዝቃዛው ውሃ ከጋለው የእንፋሎት ጋን ጋር ተገናኝቶ ፈነዳና ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ። ታናሺቱ መምህርት ስለ ከሰሉ ያነበበችውን አከለችበት። በቅዱስ ቶማስ ወደብ የመርከቦቹን ከሰል የሚጭኑት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ፤ በቅርጫት ሞልተው በራሳቸው ላይ ተሸክመው በመሸጋገሪያው ሳንቃ ይወጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1892 በሚከፈላቸው ገንዘብ የተነሣ ሥራ አቁመው አድመዋል። ለአንድ መርከብ ፍጥነት ስንት ቅርጫት፣ ስንት አንገት እንደሚያስፈልግ የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ።

የዛሬው ናፍጣ በቅርጫት አይወጣም፤ በቱቦ ይፈስሳል። ይሁንና ደሴቶቹ የራሳቸው ነዳጅ የላቸውም፤ የሚያቃጥሉትን ሁሉ በመርከብ ያስመጣሉ። ነዳጁ ራሱ በነዳጅ ተጉዞ የሚደርስበት አገር ነውና አንድ ሊትር ማባከን ሁለት ጊዜ ማባከን ነው። የባለ ሀብቱ ጀልባና የአሳ አጥማጁ ጀልባ የሚቀዱት ከዚያው በባሕር ከመጣው ናፍጣ ነው።

በሰባተኛው ቀን ሮድ ታውን ገብተው ማደያው ላይ ቆሙ። በውሉ መሠረት ጀልባው ሲረከቡት እንደ ነበረ ሞልቶ መመለስ ነበረበት። የገባው ናፍጣ 505 ሊትር ሆነ። አባት ከደብተራቸው ላይ ከፋፍለው አነበቡት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ለጉዞ 255፣ ለጄኔሬተር 80፣ በድምሩ 335 ሊትር ተቃጥሏል። በቀሩት አምስት ቀናት 70 ማይል ያህል ተጉዘው ለሞተሮቹ 110፣ ጄኔሬተሩንም በቀን 3 ሰዓት ብቻ እያስነሡ 60፣ በድምሩ 170 ሊትር ብቻ ፈጁ። ሌሊት መስኮቱን ከፍተው የተኙት በዚያው በማይገዛው የምሥራቅ ነፋስ ነበር። በጀመሩት አኳኋን ቢቀጥሉ ኖሮ ለዚያው መንገድና ለዚያው ሰባት ቀን 885 ሊትር በደረሳቸው ነበር፤ ከመደቡትም ገንዘብ እጅግ ባለፈ ነበር። በሁለቱ ቀናት የባከነውን በአምስቱ አካክሰው ከግምታቸው ብዙም ሳይርቁ ከፈሉ።

ከታሰቡት ደሴቶች ሁለቱ ሳይታዩ ቀሩ። ወንድምዬው ይህን አስታውሶ እንደ ገና ቅር ይለው እንደ ሆነ እህቶቹ ጠይቀውት ነበር፤ ጥቂት አሰበና «ይለኛል» አለ። ሐሰት አልተናገረም፤ ጊዜ አጭር ነው፤ ባሕሩም ሰፊ ነው። ሰው ሁሉን ሊያይ አይችልም፤ ከማያየው መካከል የትኛውን እንደሚተው ግን መምረጥ ይችላል።

ደብተሩ ዛሬ ከታላቂቱ ዘንድ ይገኛል። ዓምዶቹ በዚያ በመርከብ ቤት ሥርዓት ተሰልፈዋል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ዙር፣ ሙቀት፣ ሊትር። በአስተያየቱ ዓምድ ሥር በአብዛኞቹ ቀናት ፊት «ደኅና» የሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል። በአነጋዳው ቀን ፊት ግን ቦታው ስላልበቃ ጽሑፉ ወደ ኅዳጉ ወርዶ ሰባት ስሞች በተርታ ሰፍረዋል። የማደያው ደረሰኝም በዚያው ገጽ መካከል ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ያኖረው ወንድምዬው ነው።